የዚያ ዓመት ቅራሪ

ቅራሪ አልወድም። ዛሬም ቢሆን ሽታው ሲመጣብኝ ፊቴን አዞራለሁ። ለማያውቀው ልንገረው፤ ጠላው ከተጠለለና እንግዳው ጠጥቶ ከተሸኘ በኋላ ጋኑ ውስጥ በቀረው አተላ ላይ ውሃ ይጨመርበትና እንደገና ይጠለላል። የሚወጣው ነገር ቅራሪ ይባላል። ጠላ እንዳይሉት አያሰክር፣ ውሃ እንዳይሉት ይኮመጥጣል። ለልጅና ለለማኝ ይሰጣል፤ እንግዳ ፊት ማቅረብ ግን ስድብ ነው። ከዚያ የተረፈው አተላ የላም ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅራሪውም የላም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ግን ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ባዞሩ ሰሞን፣ ዓመቱን ሙሉ ቅራሪ ስትጠጣ ከረመች። ያውም ጠላዋ በአፋፉ አገር ሁሉ የተመሰገነላት ሴት ናት። ጋኗን በወይራ ስታጥን ጎረቤቱ ሁሉ ምን ቀን እንደሚጠለል መቁጠር ይጀምር ነበር። እኔ ያኔ አግብቼ ከማዶ መንደር እኖራለሁ፤ ልጠይቃት በመጣሁ ቁጥር ከእንስራው ቅራሪ ስትቀዳ አገኛታለሁ።

«እምዬ፣ ጠላውን ለማን ነው የምታስቀምጪው? ለጳጳሱ ነው?» እላታለሁ።

«ይኼ ለሆዴ ይስማማኛል» ትለኛለች፤ ከዚያ ወሬ ትለውጣለች። እኔም እርጅና ሲመጣ ንፍገት ይዞ ይመጣል እያልኩ በልቤ እስቅባት ነበር።

ያ ዓመት የሚሳቅበት ዓመት አልነበረም። ወንድሜ ሰው ገድሏል። የገደለውም በገዛ አውድማችን፣ ገብሳችንን ሊወቁልን ከመጡት ወዳጆቹ አንዱን ነው። የዚያን ቀን የእናቴ ጠላ የተለየ ነበር፤ ጌሾው የበረታ፣ ቀለሙ የጠራ፣ ሲጠጡት የሚለሰልስና ቆይቶ ጉልበት የሚይዝ። ወቂዎቹ ደጋግመው ጠጡ። ወንድሜና ያ ልጅ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይለያዩ ነበሩ፤ የማን በሬ ሰነፍ ነው በሚል ቀልድ ጀመሩ፣ ቀልዱ ስድብ ሆነ፣ ወንድሜ ዱላውን አነሳ። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ልጁ ሌሊቱን አላነጋውም።

የሟች እናት ጎረቤታችን ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከዚያ ልጅ ሌላ ያልነበራት ሴት። ከእናቴ ጋር እሳት ሲጫጫሩ፣ ወንፊት ሲዋዋሱ የኖሩ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በደጃችን ስለሚያልፍ እሷ ዞራ በገደሉ በኩል መውረድ ጀመረች። በክረምት ያ መንገድ ያዳልጣል። እናቴ በአጥር ቀዳዳ እያየቻት ታለቅስ ነበር።

ወንድሜ ሮጦ አፋፉ ላይ ካለው ደብር ገባ፤ ደወሉን ደውሎ ተማፀነ። በቅጥሩ ውስጥ እስካለ ማንም አይነካውም። እግሩ ከበሩ ከወጣ ግን የባለደሞቹ ነው። ፍርዱም የታወቀ ነው፤ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፣ እነሱም ይገድሉታል። የሟች አጎት፣ የአባቱ ወንድም፣ እንጦጦ ንጉሡ ዘንድ ሄጄ እጮሃለሁ እያለ ሲዝት ከረመ። ሽማግሌዎች ክረምቱን ሙሉ በጉም ውስጥ እየተመላለሱ ለመኑት። በመጨረሻ ካሳው ተቆረጠ፣ የዕርቁ ቀን ተያዘ። በእኛ አገር ደም የሚደርቀው የሟች እናት ከገዳይ እናት እጅ ዋንጫ ተቀብላ ስትጠጣ ነው። ያ ሳይሆን ካሳው ካሳ አይባልም፤ ወንድሜም ከቅጥሩ አይወጣም።

እናቴ ለዚያ ቀን ጠላ ደፈደፈች። እኔ ልረዳት መጣሁ። ጋኑን አጠነች፣ ጥንስሱን ጣለች፣ እንኩሮውን ቀላቀለች። ጠላው ሲደርስ ቅመሺው ብላ ለኔ ሰጠችኝ። እሷ አልቀመሰችም። «መዓዛው ይበቃኛል» አለች። በዕርቁ ዕለት ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች፦

«አንቺ ትቀጂያለሽ» አለችኝ።

«ለምን እኔ? እናትየዋ አንቺ አይደለሽ?»

«እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ቀድተሽ፣ ቀምሰሽ፣ ለኔ ትሰጪኛለሽ፤ እኔ ለሷ አሳልፋለሁ። ሌላ አትጠይቂኝ።»

ተናደድኩ። እንዲህ ባለ ቀን ወደ ኋላ የምትሸሽ መሰለኝ። ምን እንደፈራች ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የተሰበሰብነው በኛ መንደርና በሟች አጎት መንደር መካከል ካለው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ነው። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ከታች ያለችውን የገበያ መንደር አሊዩ አምባን ሸፍኗታል፤ ከደብሩም ጣሪያው ብቻ ይታያል። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ እኛ በአንድ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ መካከል። ጦር ሁሉ ከኋላ እንዲቀመጥ ታዝዟል። አጎትየው ግን ጦሩን ከጉልበቱ ላይ አላወረደም፤ በቅሎዋን ጭኖ ስንቁን አንጠልጥሎ ከዛፉ ጎን አስሯታል። ነገሩ ከፈረሰ ከዚያው ወደ እንጦጦ ሊያቀና ነው። እኔ ከሰዎቹ ይልቅ ያቺን የተጫነች በቅሎ ነበር የማየው።

የሟች እናት ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀና አላለችም። ሽማግሌው ጸሎት አድርሰው «በሉ ይቅረብ» ሲሉ እኔ እንስራውን ይዤ ተነሳሁ።

«ልጅቱ ምን ቤት ናት?» አለ አጎትየው። «የደፈደፈችው ትቅዳ። ልጃችንን ያሰከረችው እሷ ናት፤ ዛሬም በእጇ ትስጥ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያለው ከሥርዓት አልወጣም። እንስራውን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ስትቀበለኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ቀዳች። ጠላው ዋንጫው ውስጥ ጥርት ብሎ ሞላ። የማይቀረው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነበር። ሰው ለሰው መጠጥ ሲሰጥ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ለወዳጅም ቢሆን ይቀምሳል፣ ለደመኛ ደግሞ ሳይቀምስ ማቅረብ የሚታሰብ አይደለም። ሳትቀምስ የሰጠች ሴት መርዝ ሰጠች ማለት ነው። እናቴ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ ለሟች እናት ዘረጋች። መዳፏ ደረቅ ነበር።

«ቅመሺ እንጂ!» አለ አጎትየው።

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።

«ቅመሺ አልኩሽ!» ብሎ ቆመ፤ ጦሩም አብሮት ቆመ። ከኋላው ያሉት ወንዶች ወደተከመረው ጦር ዞሩ። የኛም ወገን ተነሳ።

«እኔ እቀምሳለሁ!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። «አብሬያት የጠለልኩት እኔ ነኝ፣ ሙሉውን እጠጣዋለሁ!» አጎትየው በጦሩ እንጨት ደረቴን ገፋ አደረገኝ።

«የደፈደፈችው ትቅመስ።»

እናቴ ላይ ጮህኩ። በሰው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት ጮህኩባት። «እምዬ፣ ምን ሆነሻል! ልጅሽን ልታስገድዪው ነው? ቅመሺ!» እሷ ዋንጫውን እንደያዘች ወደ ደብሩ ጣሪያ ታያለች። የነፍስ አባታችን ቄስ ከሽማግሌዎቹ ጎን አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን ያሻሹ ነበር። የሚያውቁት ነገር እንዳለ፣ ግን መናገር እንደማይችሉ ያኔ ገባኝ። አጎትየው በቅሎዋን መፍታት ጀመረ።

«ተወው» አለች የሟች እናት። እስከዚያ ድረስ ድምፅዋን አልሰማንም ነበር። «ተቀመጥ። እኔ ልጠይቃት። አንቺ፣ ለምንድነው የማትቀምሺው?»

«ስለት አለብኝ፣ እሜቴ» አለች እናቴ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። «ልጄ ደብር የገባ ዕለት ለታቦቱ ተሳልኩ። ልጄን በሕይወት ካላወጣህልኝ ጠላ በአፌ አይዞርም አልኩ፤ ስለት ሲወራ ይረክሳል ብዬ ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ብቀምስ ስለቴን አፈርሳለሁ፣ ልጄም በኔ ኃጢአት ይሞትብኛል። ባልቀምስም እንዲህ ሆነ። የማደርገውን አጣሁ።»

«መርዝ የያዘ ሁሉ ስለት አለብኝ ይላል!» አለ አጎትየው።

የሟች እናት አልሰማችውም። እናቴን ብቻ ነበር የምታየው። «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን ስትጠጪ ከረምሽ?»

«ቅራሪ።»

ከወንዶቹ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ለጳጳሱ ነው ወይ እያልኩ የቀለድኩባት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ።

«ቅራሪ?» አለች የሟች እናት ቀስ ብላ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«አሁን ቤትሽ አለ?»

«የትናንቱ አለ።»

«አስመጪው። እሱን ቅመሺና ስጪኝ። ልጄን ለሞት የሰጠውን ጠላ እኔም አልጠጣም፤ የመጣሁትም እምቢ ልላችሁ ነበር።»

«በቅራሪ ደም ደርቆ አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። እሷ ግን «የጠጪዋ ሆድ የኔ ነው» አለቻቸው። ፀሐይዋ ጉሙ ውስጥ ልትሰምጥ ደርሳለች፤ ሳይጠጣ ከመሸ ቀኑ ፈርሷል። እኔም ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ጠዋት ለጠላው እንስራ ቦታ ስናስለቅቅ የቅራሪውን እንስራ ውጭ፣ ከግርግሙ ሥር አውጥተነው ነበር። ያን ሳስታውስ ሩጫዬን ጨመርኩ። ደርሼ ሳይ ላሟ ገመዷን በጥሳ አፍንጫዋን ወደ ክዳኑ አስጠግታለች። በሕይወቴ እንዲያ አድርጌ ከብት መትቼ አላውቅም። እንስራውን አዝዬ ስመለስ ድንጋዩ ሁሉ እግሬን የሚጠልፈኝ ይመስለኝ ነበር። ያን የምጠላውን ነገር፣ ያን የእድፍ ውሃ፣ ጠብ እንዳይል እየተጠነቀቅሁ ተሸክሜው ሮጥኩ።

እናቴ ቀዳች። መዳፏን ዘርግታ ጠብ አደረገችና ጠጣች፤ ሰው ሁሉ ጉሮሮዋን ያይ ነበር። ከዚያ ዋንጫውን ሰጠቻት። የሟች እናት ተቀብላ ቀመሰች፣ ፊቷ ተኮማተረ።

«ይኼን ነው የጠጣሽው? ክረምቱን ሙሉ?»

«ይኼንኑ ነው።»

«ይበልሽ» አለች፤ ከዚያ ሳታቋርጥ እስከ አተላው ጨለጠችው። ዋንጫውን መለሰችላት፤ እናቴም ቀድታ ጠጣች። ሽማግሌዎቹ «እሰይ» ሲሉ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነበር።

ወንድሜን ከደብሩ አመጡት። እንደ ሥርዓቱ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣና ከሟች እናት እግር ሥር ወደቀ። በዚያ ዓመት ፀጉሩ አድጎ፣ ትከሻው አልቆ፣ ሌላ ሰው ሆኗል። እሷ ድንጋዩን ማንሳት ነበረባት። እጇን ጫነችበት፣ አልቻለችውም፤ ወይም አልሆነላትም። አጎትየው ጦሩን መሬት ላይ ጣለና መጥቶ አብሯት አነሳው። ድንጋዩ ሲወርድ ወንድሜ ቀና ሊል አልደፈረም።

ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞረው «በይ እንግዲህ ስለትሽ ደርሷል፤ ጠላውን ቅጂልን፣ አንቺም ጠጪ» አሏት። እናቴ ዋንጫውን ይዛ የሟች እናትን አየቻት።

«ጠጪ እንጂ» አለቻት የሟች እናት። «ያንቺ ልጅ መጥቶልሻል።» ከዚያ በጉልበቷ ተደግፋ ተነሳችና ወደ ቅራሪው እንስራ አመለከተችኝ። «ያንን ቤቴ አድርሺልኝ፣ ልጄ። የኔ ገና ነው።»

እንስራውን አዝዬ ተከተልኳት። በደጃችን በኩል ባለው መንገድ ነው የሄደችው። እናቴ ያን ቀን ጠላዋን ቀመሰች፣ ከዚያም በኋላ እንደ ድሮዋ ጠጣች። ግን በጠለለች ቁጥር መጀመሪያ የምታደርገው ቅራሪውን አውጥታ ለብቻው ማስቀመጥ ነበር፤ ለሟች እናት የማደርሰውም እኔ ነበርኩ። ጠላ ልከንላት አናውቅም፤ እሷም እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አልጠየቀችንም።