ልብስ ሰፊው ይርሳው ያመነ ዕለት

ይርሳው ፍኖተ ሰላም ገበያው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከእነሱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በረንዳው ላይ ተጫዋች ነው፤ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ እኔንም ጨምሮ ማንም አይናገርም።

በ1999 ክረምት በልብስ መለኪያው እንጨት የሚስቱን የማሚቱን ክንድ ሰበረው። ያከመቻት ነርስ ለፖሊስ አመለከተች። ይርሳው ታስሮ በዋስ ወጣ፤ ክስ ተመሠረተበት። ማሚቱ ሽንዲ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌዎች ገቡ። በአገሩ ደንብ ይርሳው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ሚስቱ ፊት ተደፋና «መትቻለሁ፤ ማሪኝ» አለ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው፤ ወደ ቤቷ ግን አልተመለሰችም። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

«ታርቃችኋል። ዳኛ ከጠየቀህ ወድቃ ነው በል። እሷም እንደዚያው ትላለች» አሉት።

ጠበቃ የሚያቆምበት አቅም ስላልነበረው ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ መደበለት። ፋጢማ የምትባል የቡሬ ልጅ ናት፤ ገና ወጣት። ይርሳው ሲያያት ተስፋ ቆረጠ።

«አንቺ ነሽ የምትከራከሪልኝ፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ምን ልበልልዎ?»

«ወድቃ ነው በይልኝ።»

«ታዲያ ድንጋዩን ለምን ተሸከሙ? ጉልበትዎን ሊለኩ?»

ሳይወድ ሳቀ። «እሱማ ለእርቅ ነው። ይኼ ደግሞ የመንግሥት ነው።»

«ክንዷ አንድ ነው፣ ጋሼ። ለሽማግሌ ተሰብሮ ለዳኛ ደኅና አይሆንም።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ እርቁ ክሱን አያስቀረውም። ካመነ ግን እርቁ ቅጣት ያቀልለታል። ከካደ ማሚቱ ለምስክርነት ትጠራለች።

«በስብራቷ ላይ የሐሰት መሐላ ሊጨምሩባት ነው?» አለችው።

«ባምን አልታሰርም?»

«እሱን ቃል አልገባልዎትም።»

የቀጠሮው ዕለት ዳኛው ክሱን አንብበው ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ ጠየቁት። ይርሳው ዞር ብሎ አየ። መሪጌታ «በል እንጂ» በሚል ዓይን ያዩታል። ማሚቱ ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና መሬት መሬት ታያለች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መትቻታለሁ» አለ። «ያን ቀን ብቻም አይደለም።»

ፋጢማ ደንግጣ ቀና አለች፤ ይቺን እሷ አልመከረችውም። ተነሥታ ማመኑንና መታረቁን አስረድታ ቅጣቱ እንዲቀልለት ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ እስራት ፈረደበት፤ ዳግም እስካላጠፋ ድረስ ግን እንዳይታሰር ቅጣቱን ገደበው።

በር ላይ መሪጌታ ጠበቁት። «ሽማግሌ አዋረድክ!»

«እኔን ግን አላዋረደኝም፣ የኔታ» አለች ማሚቱ፤ የሽንዲ መኪና እንዳያመልጣት እየተቻኮለች።

የተመለሰችው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ ማንም ሳይልክባት፣ ሻንጣዋን ራሷ ይዛ። ይርሳው እየተርበተበተ ተቀበላት።

«ማን አስታረቀን ልበል?» አላት።

«ማንም። ለዳኛ እውነቱን ከተናገርክ ለኔም ትናገር እንደሆነ ልየው ብዬ መጣሁ።» ሻንጣዋን አስቀመጠች። «እጅህን ካነሣህ ግን ሽማግሌ አልጠራም። ፍርድ ቤቱን አሁን አውቀዋለሁ።»

«እኔም አውቀዋለሁ» አለ ይርሳው።

እዚያ ግቢ እስከኖርኩ ድረስ ከዚያ ቤት ጩኸት አልሰማሁም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ስለ ጨርቅ ቀለም ሲከራከሩ ግን እሰማለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትረታው ማሚቱ ነበረች።