ኩባንያው ያላስተካከላት ጎል

በዚህ የኳስ ጌም የተናደድኩትን ያህል ትምህርት ላይ ብናደድ ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ። ትምህርቱን አስረኛ ላይ ተውኩት። ጌሙን ግን መተው አቃተኝ።

በየዓመቱ "አዲሱ ጌም ከጅማ መጣ" ይባላል፣ ቦንጋ መናኸሪያው ጋ ወዳለችው ፕሌይስቴሽን ቤት እንሮጣለን። ምን ተቀየረ? ማሊያ። የተጫዋች ፀጉር። በቃ! ያቺ ጎል ግን አለች። ኮርነር ስታገኝ ኳሷን አጠገብህ ላለው ትሰጣለህ፣ እሱ ወደ ኋላ ይመልሳታል፣ በረኛው ሰርግ እንደተጠራ ሰው ጎሉን ጥሎ ይወጣል። ባዶ መረብ! ልጅ ሆኜም እንደዛ ነበር፣ ፂም አብቅዬም እንደዛው ነው። አገር ምድሩ እየጮኸ ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ አንድ በረኛ ማስተማር ያቅተዋል?

ጓደኛዬ ደግሞ ከዚህች ጎል ሌላ የለውም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን፣ የሰው ባጃጅም በፈረቃ እንነዳለን፣ እሱ ጠዋት እኔ ከሰዓት። የዘንድሮው ጌም የመጣ እሁድ በዛችው ጎል ደጋግሞ አገባብኝና "ችሎታ ነው ወንድሜ፣ አልቅስ!" አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። ከዛ በኋላ የባጃጇን ቁልፍ እንኳን በሰው ነበር የምንቀባበለው። ለጌም! ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ጭራሽ "ሌላ ባጃጅ ፈልጌ ልወጣ ነው" ብሏል ሲሉኝ ደነገጥኩ። እሱ ከሄደ ከማን ጋር ነው የማወራው?

የፕሌይስቴሽን ቤቷን ባለቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም፣ በር ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ እየፈለፈሉ ተሳዳቢ ይቆጣሉ። ሁለታችንንም አስጠሩን።

"ምንድነው የሚያጣላችሁ?"

በእጄም በእግሬም አስረዳኋቸው።

"ታዲያ ጎሏን ለምን አትከለክሏትም?"

"ኩባንያው ነዋ እትዬ! ስንት ዓመት ሙሉ አላስተካክልም ያለው።"

"ኩባንያው ቦንጋ ነው እንዴ የሚኖረው? ቤቱ የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ያቺ ጎል አትቆጠርም። በሷ ያገባ ደግሞ እዛው ከወንበሩ ይነሳል!"

ይሄን ሁሉ ዓመት አፋችን እስኪደርቅ ኩባንያ ስንሰድብ አንዳችንም ይቺን አላሰብናትም።

"እትዬ፣ እኔን እኮ ገደሉኝ!" አለ ጓደኛዬ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ሳላስበው እኔም ሳቅኩ።

ተቀመጥን። መጨረሻ አካባቢ ኮርነር አገኘ። ጣቱ ወደ ልማዱ ሊሄድ ሲል ያዝ አደረገው፣ ከዛ አሻማት፣ እንደ ሰው! ረጅሙ ተከላካዩ በጭንቅላት ገጫት፣ ገባች። ለካ ይችላል። ተሸነፍኩ፣ ግን የምሰድበው አጣሁ።

"ይቺስ?" አለኝ ፈራ ተባ እያለ።

"ይቺማ ጎል ናት።"

ትንሽ ቆይቼ፣ ስክሪኑን እያየሁ፣ "ባጃጅ አገኘህ እንዴ?" አልኩት።

"ማን ለኔ ይሰጣል? ተናድጄ ነው ያወራሁት።"

እፎይ አልኩ። ለተረኛው ወንበሩን ለቅቄ ከጓደኛዬ ኋላ ቆምኩና እሱን መደገፍ ጀመርኩ።