ለውሻ የተላከ ሽማግሌ

ሰፈር ውስጥ «ለውሻ ሽማግሌ የላከችው ሴትዮ» እባላለሁ። ይበሉ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ «እማማ፣ ዛሬስ ለማን ሽማግሌ ሊልኩ ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ለምላስህ» ብዬው ዳቦዬን ይዤ እሄዳለሁ። ነገሩን ሲያወሩት ግን የሚያስቀውን ብቻ መርጠው ነው፤ የቀረውን ይዘሉታል። ስለዚህ ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ነው። የተጣመመ ካለ አንባቢው ያቃናው።

እኔ እግሬ አያርፍም። ፀሐይዋ ሳትከር እወጣለሁ። አንድ ቀን በጉዱማሌ መናፈሻ በኩል፣ ሌላ ቀን ሐይቅ ዳርን ይዤ፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ትንሽ አውግቼ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለዓሣ አንጀት ሲጣሉ አይቼ እመለሳለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ቤቱ ውስጥ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች። ሰው ሲዞር ያያል፤ ያየሁትን ደግሞ አላየሁም ማለት አይሆንልኝም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም እንደ አባቱ ተሳቢ ይዞ ኑሮው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የቀረችላቸው አንዲት ቡናማ ውሻ ናት። «ረዳቴ» ነው የሚሏት፣ ጎማ የምትፈታላቸው ይመስል። ሻይ ሲጠጡ እግራቸው ሥር ናት። ሬዲዮ ሲከፍቱ እሷም ጆሮዋን ታቆማለች።

ይቺ ረዳት ድሮ ልቅ ነበረች። ባጃጅ ታባርራለች ተብሎ ሰፈሩ ተነሣባቸውና «ጋሼ፣ ይሰሯት» ተባሉ። አሰሯት። ከመኪና ዘመናቸው የተረፈ ሰንሰለት አወጡና ከበሩ አጠገብ ካለው ብረት ጋር በሽቦ አሰሩት። እዚያ ያሰሯት መንገዱን እያየች እንዳይከፋት ብለው ነው፤ ደግነታቸው ነው። ግን እዚያው አጥሩ ሥር ቤት ሊያድሱበት የገዙት ብሎኬት ተከምሯል፤ ለውሻዋ ደረጃ ሆነላት። አጥሩ በግቢው በኩል አጭር ነው። በመንገዱ በኩል ግን መሬቱ ዝቅ ስለሚል ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሰፈራችንን የሚያዘወትሩት ጦጣዎች ደግሞ መንገዳቸው በአጥር ላይ ነው፤ ጦጣ አይቶ የሚተኛ ውሻ የለም።

አንድ ጠዋት ዓሣዬን በፌስታል ይዤ ከሐይቁ ስመለስ ውሻዋን በመንገዱ በኩል ተንጠልጥላ አገኘኋት። ጦጣ ተከትላ ዘላለች፣ ሰንሰለቱ መሬት አላደርሳት ብሏል። የኋላ እግሮቿ ግድግዳውን ይቧጥጣሉ። ልጩህ ብትልም ድምፅ የላትም። ዓሣውን ወረወርኩና ሆዷን አቅፌ ወደ ላይ ገፋኋት። በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደገፋኋት እግዜር ይወቀው። አጥሩን ቧጥጣ ወጣች፣ ወደ ግቢው ወረደች፣ ሳል ሳል አደረጋትና በበሩ ክፍተት ጭራዋን ቆላችልኝ። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ዞር ስል ዓሣዬን አንዱ አባ ኮዳ ሲውጠው አየሁ።

ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርሻቸውም ይሉኛል። ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። «ባሰሩት ሰንሰለት ውሻዎ ልትታነቅ ነበር» ብሎ ፊት ለፊት መናገር «ቤትዎን መያዝ አቃተዎት» እንደማለት ሆነብኝ። ለትልቅ ሰው ነገር የሚነገረው በዙሪያው ነው፤ እንዲያ ነው ያደግነው። እኔም ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ አጥር ትንሽ አላጠረም?» አልኳቸው በማግሥቱ።

«አጥሩስ ልክ ነው፤ አንቺ ነሽ በእርጅናሽ የረዘምሽ» ብለው ሳቁብኝ።

ሌላ ቀን ወሬ ፈጠርኩ። «አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ ውሻ አጥር ዘሎ በገዛ ሰንሰለቱ ታንቆ ሞተ አሉ።»

ጋሼ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምን ዓይነት ግድየለሽ ሰው ነው እንዲያ አድርጎ የሚያስር!» አሉኝ። የራሳቸው ውሻ ብሎኬቱ ላይ ወጥታ ሁለታችንንም ታየናለች።

ልጄ ሰለቻት። «ተያቸው እማዬ። ውሻዋም አጥሩም የሳቸው ነው።»

«ታንቃ ብትሞትስ?»

«ብትሞትስ አንቺ ምን አገባሽ?»

ይሄ «ምን አገባሽ» የሚሉት ነገር ነው ደሜን የሚያፈላው። አቅፌ የገፋኋት እኔ ነኝ፤ ልቧ ሲመታ በእጄ ሰምቻለሁ። እንዴት ነው የማያገባኝ?

እንግዲያው በወጉ ልሂድ አልኩ። የዕድራችንን ሁለት ሽማግሌዎች ለመንኩ። «ለማን ልትድሪያት ነው?» ብለው ቀለዱብኝ፤ እምቢ ግን አላሉኝም። ማልደን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጦጣዎቹ ሳይመጡ፣ ጋሼም ከቤት ሳይወጡ ብዬ። ጠዋቱ ይበርዳል፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ። ሄደን አንኳኳን።

ሐሳቤ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ። ጋቢና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው ገና ጎህ ሲቀድ የትልቅ ሰው በር ሲያንኳኩ ምን ይዘው እንደመጡ በአገራችን ሕፃንም ያውቃል።

ጋሼ በሩን ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን። እጃቸው ከበሩ አልላቀቅ አለ።

«የት ላይ ነው የተገለበጠው?» አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ ቢደነግጡ አፋቸው የለመደውን ተናገሩ። «ወንድሜ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

መርዶ የሚነገረው እኮ እንዲህ ተብሎ ነው! ጋሼ ራሳቸው ስንቱ የሹፌር ቤት በማለዳ ገብተው እንዲህ ብለዋል። ደጃፉ ላይ ዘጭ አሉ። «ልጄን!» አሉ። «ልጄን!»

ልናነሣቸው ወደ ግቢው ገባን። «ውሻዋ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ልጅዎ ደህና ነው ጋሼ! ለውሻዋ ነው የመጣነው!»

ዞር ብለው አዩ። ረዳታቸው ብሎኬቱ ላይ ሆና ጭራዋን ትቆላለች።

«ደህና ናት እኮ» አሉ።

«አዎ፣ ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም።»

አላመኑኝም። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ደወሉ። ልጁ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» ሲል ሁላችንም ሰማነው።

«ምንም አልሆንኩ። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው። ቀስ ብለህ ንዳ» አሉና ዘጉት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ውጡ!»

ሽማግሌዎቹ ይቅርታ እያሉ ወጡ። አንደኛው ነጠላዬን ጎተት አድርገው «ነይ እንጂ!» አሉኝ። አልሄድም አልኩ።

«አንቺም!» አሉ ጋሼ። «ለውሻ ብላችሁ ነፍሴን ልታወጧት! ትናንት እሰር ብላችሁ መጣችሁ፣ አሰርኩ። ዛሬ ፍታ ልትሉኝ ነው? እስቲ መጀመሪያ ሰፈሩ ይስማማ!»

«በዚህ ሰንሰለት ተንጠልጥላ አግኝቻታለሁ» አልኩ። «በመንገዱ በኩል። ምላሷ ወጥቶ፣ ድምፅ አጥታ። ሆዷን ይዤ ነው ወደ ላይ የገፋኋት።»

«መቼ?» አሉ።

«ቤተ ክርስቲያን የሄዱ ዕለት፤ አጥሩ አጠረ ባልኩዎ ዋዜማ።»

«ታዲያ የኔን ውሻ ትተሽ የአዲስ ከተማን ውሻ ታወሪልኛለሽ?»

«አክብሬዎት ነው ጋሼ።»

«ማክበር እንዲህ ከሆነ አታክብሪኝ!»

«እሺ፣ አላከብርዎትም!» አልኩና ሄጄ ብሎኬቱ ላይ ከውሻዋ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። «ሰንሰለቱ ከዚህ ካልተነሣ እኔም አልነሣም።»

«ተቀመጪ! እስኪመሽ ተቀመጪ!» ብለውኝ ገቡ።

ተቀመጥኩ። ውሻዋ አገጯን ጭኔ ላይ ጣለች። ፀሐይ ወጣ አለች፣ ባጃጆቹ ጀመሩ። ልጄ በበሩ በኩል ብቅ ብላ አየችኝ።

«እማዬ! የሰው ግቢ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ታስሬ ነው» አልኳት።

ትንሽ ቆይተው ጋሼ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘው ወጡ። ፊታቸው አልተፈታም። ብሎኬቱ ላይ አስቀመጡልኝና «ብንጣላም ጾምሽን አትውዪም» ብለው ተመለሱ። ስኳሩን አብዝተውታል፤ አልተናገርኩም፣ ጠብ ላይ ነን።

ሻዩን ሳልጨርስ ጦጣዎቹ መጡ። ከጎረቤት ጣሪያ ወረዱና በአጥሩ ላይ፣ ልክ በጭንቅላቴ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ረዳት ተስፈነጠረች። እኔንም ሻዩንም ረግጣ አጥሩ ላይ ወጣች። የፊት እግሮቿ ወዲያ ማዶ ወረዱ፤ ወገቧን አንቄ ያዝኩ። ያን ለት ወደ ላይ ገፋሁ፣ ዛሬ ወደ ታች እጎትታለሁ። እሷ ትስባለች፣ እኔ እስባለሁ፣ ነጠላዬ ከሰንሰለቱ ጋር ተጠማዟል።

«ጋሼ!» አልኩ ባለ በሌለ ድምፄ።

ሮጡ ማለት ይከብዳል፣ ግን ሮጡ። በአንገቷ በኩል ያዟትና ተጋግዘን ወደ ግቢ መለስናት። ሦስታችንም ስናለከልክ ጋሼ ብሎኬቱ ላይ ወጡ፤ ደረታቸውን በአጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ መንገዱ ቁልቁል አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ሰንሰለቱን አነሡና በአጥሩ ላይ ወደ ማዶ ለቀቁት። ጫፉ አየር ላይ ተወዛወዘ።

«ይሄ ገደል ነው» አሉ።

ሻዬ ፈሷል።

ገብተው የመኪና ዕቃ ሳጥናቸውን አመጡ። ሰንሰለቱን በፒንሳ ከብረቱ አላቀቁትና ግቢው መሃል ካለው አቦካዶ ሥር አሰሩት። ውሻዋን እያራመዱ ለኩት፤ በየትም በኩል ብትስብ አጥሩ ጋ አትደርስም። ጥላም አገኘች። ብሎኬቱን እኔና ልጄ እያመላለስን ከቤቱ ጀርባ ከመርነው። «ምን አገባሽ» ያለችኝ ልጅ ከእኔ በላይ ተሸከመች፤ ይሄን ሰፈሩ አያወራውም።

ጋሼ ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም። በዙሪያ መናገሩ ግን ያን ቀን ቀረ። ጠዋት በአጥራቸው ሥር ሳልፍ ዱካዬን ይለዩታል መሰለኝ ከውስጥ ይጣራሉ።

«አንቺ ዟሪት! ዛሬስ የማንን መርዶ ይዘሽ መጣሽ?»

«የማንንም!» እላለሁ፣ መንገዱ ላይ ቆሜ፣ ባለሱቁም ባጃጆቹም እየሰሙ። «ረዳትዎ ውሃዋን ደፍታለች፣ ተነሥተው ይቅዱላት!»