የእግር ውሃ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን በየዓመቱ ዘርዝሬ ይህችን እዘላታለሁ። እርስዎ አንባቢዬ አያውቁኝም፤ ለእርስዎ መናገር የቀለለኝም ለዚህ ይሆናል።

እኔ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁትም እግሬን ባጠበችኝ ሴት ላይ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ስገባ ማረፊያ አልነበረኝም። ስደተኞችን የሚረዳው ቢሮ ከሳን ሆዜ በላይ፣ ተራራ አናት ላይ ወዳለ የቤኔዲክት ካቶሊክ መነኮሳይያት ገዳም ላከኝ። በሩን የከፈተችልኝ ሲስተር ክላራ የምትባል ጀርመናዊት አሮጊት ናት። ገና ስገባ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ለብ ባለ ውሃ እግሬን አጠበችኝ። እንግዳን እንደ ክርስቶስ መቀበል ሥርዓታቸው ነው። እናቴም ለእንግዳ የእግር ውሃ ታቀርብ ስለነበር ነገሩ አልገረመኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

እያጠበችኝ የገዳሙን ታሪክ ነገረችኝ። እንግሊዝኛ ለእሷም የሰው ቋንቋ ስለሆነ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። አምስት ሆነው ነው የመጡት። መሬቱን የሰጠቻቸው ባሏ የሞተባት የፕለም ፍሬ እርሻ ባለቤት ናት። ውሃ ከታች በባልዲ ያመላልሱ ነበር። መጀመሪያ የሠሩት የእንግዳ ቤቱን ነው፤ እነሱ ራሳቸው ድንኳን ውስጥ ይተኙ ነበር።

እዚያ ጥቂት ወራት ተቀመጥኩ። ምን አጓደሉብኝ? ምንም። ስጾም ቅቤውን ትተው በዘይት ይሠሩልኝ ነበር። ግን ጎህ ሳይቀድ ደወል፣ ማዕድ ላይ ዝምታ፣ ከሰዓት ፕለም ለቀማ። ልጅ ነበርኩ፤ ሰለቸኝ። ወሬ አማረኝ። ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ።

ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ ለአበሻው ሁሉ እናት የሆኑ ሴት አፓርትመንት ነበራቸው። ሶፋቸው ላይ እንዲያስተኙኝ ለመንኳቸው።

«ነፃ ሩም ትተሽ? ምን ቢያደርጉሽ ነው?» አሉኝ።

ሰለቸኝ ብል «ጥጋበኛ» ብለው እንደሚመልሱኝ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ «ውሃ አምጥተው እንደገና አጠመቁኝ፤ ካቶሊክ ሊያደርጉኝ» አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች አማተቡ። «በቃ፣ እዚሁ ነሽ። ማንም እዚያ እንዳይሄድ ለሁሉም ኮል አደርጋለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ግን አላመለጠኝም። መርጬ ነው የተናገርኩት። ለእኛ ሰው ከዚህ የከፋ ክስ እንደሌለ፣ ደግሞም አጣርቶ የሚጠይቅ እንደማይኖር አውቄ ነው።

በዚያው ዓመት የታኅሣሥ ዝናብ ሲጀምር አልማዝ የምትባል ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ገዳሙ ክፍል አዘጋጅቶላት ነበር። የእኔ ወሬ ደርሷት ኖሮ «የልጆቼን ማተብ አላስበጥስም» ብላ እምቢ አለች። ወደብ ላይ ትራክ የሚነዳ ዘመዷ ባዋሳት አሮጌ መኪና ውስጥ ነው ዝናቡን ያሳለፈችው። ሥራ ስሄድ በዚያ አልፋለሁ። ትንሹ ልጅ ሲስል ውጭ ድረስ ይሰማል። ብርድ ልብስ ወሰድኩላት። እውነቱን ግን አልወሰድኩላትም፤ እውነቱ ከሶፋው ያስነሳኝ ነበራ። ልጁ ተረፈ፤ የተረፈው ግን በእኔ አይደለም። ሳሉም እስኪያድግ አልለቀቀውም።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ መኪና ከገዛሁ በኋላ፣ ወደ ተራራው ወጣሁ። ልናዘዝ ነው የወጣሁት። የሲስተር ክላራ ዓይን ደክሟል፤ አላወቀችኝም። እንግዳ ነኝና አስቀመጠችኝ፣ ውሃ አመጣች፣ ተንበረከከች። ታሪኩንም ጀመረች፤ አምስቱን፣ ባልዲውን፣ ድንኳኑን። መጨረሻው ላይ ግን ድሮ ያልነበረ ነገር ተጨምሮበታል።

«ከዚያ አንዲት ኢትዮጵያዊት መጣች» አለች። «ሌሎችም ይከተሏታል ብለን አልጋ አነጠፍን። ማንም አልመጣም። በምን እንዳስቀየምናት እስከ ዛሬ አናውቅም።»

እግሬ እጇ ውስጥ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ቴንክ ዩ» ብቻ አልኳት።

ዛሬ ሲስተር ክላራ በሕይወት የለችም። ልጅ ነበርኩ፣ ተቸግሬ ነበር ልበልዎት? አልማዝም ልጅ ነበረች፣ ከእኔም ይብስ ተቸግራለች። ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። የዚያን ገዳም ታሪክ የሚተርክ ሰው ካገኙ መጨረሻውን ያስተካክሉልኝ። በምንም አላስቀየሙኝም።