ክሬሙና አረንጓዴው

ዲላ ያለው ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ሳሎኑ ግድግዳ ይጠይቀኛል። ግድግዳው ሳይቀባ ቀርቷል፤ መሃሉ ላይ ብቻ የትሪ ስፋት ያላቸው ሁለት ናሙናዎች አሉ፤ አንዱ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ሌላው ክሬም። "ቀቢው ጠፋብኝ" እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ቀቢው ጋሽ ታደሰ በየቀኑ በደጄ ያልፋል።

ነገሩ የሆነው ለሰርጋችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እጮኛዬ ሕይወት የምትሠራው ይርጋጨፌ ስለነበር የምንገናኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ቀለሙን እሷ ትምረጥ ብዬ ሁለቱንም አስቀባሁ። ቅዳሜ መጣች፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፈረደች።

"ክሬሙ ይሁን።"

"አረንጓዴ እወዳለሁ ትዪ አልነበር?"

"ግድግዳውን ሲሞላው ያጨልማል። በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲመጣ።"

"በምን አወቅሽ? ቀቢ ሆንሽ እንዴ?"

እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። አረንጓዴውን የመረጥኩት ለእሷ ብዬ ስለነበር እልህ ያዘኝ።

"እንግዲያው ባለሙያው ይፍረድ" አልኩና ወደ ጓሮ ተጣራሁ። "ጋሽ ታደሰ!"

ስሙን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

"ተወው፣ አትጥራው። አረንጓዴው ይሁን፣ በቃ፣ ደስ ያለህን ቀባ" አለችና ወደ በሩ ዞረች።

ጋሽ ታደሰ ግን ብሩሹን እንደያዘ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ።

"እንዴ፣ እህቴ! ባልሽ ትናንት ደውሎልኝ ነበር፣ አረንጓዴው መኝታ ቤታችንን አጨለመው ብሎ። ሰኞ ይርጋጨፌ መጥቼ በክሬም እደግመዋለሁ በይልኝ።"