ያልጻፍኩት ስም

በመሐል ሜዳ፣ በወረዳው ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባል ነበር። እኔም አምኜ ኮራሁበት። ለአገር ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው የገዛ እህቴን ስም መጻፍ አቃተኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ግን ዝርዝሩ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

እህቴ በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። በአራት ዓመቷ ፈንጣጣ ዐይኗን ወሰደው። እናታችን ያላደረሰቻት ጠበል አልነበረም፤ አልሆነም። ሲቸግር እንዝርት አስጨበጧት። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር እንደ እሷ አድርጎ የሚፈትል በሰፈሩ አልተገኘም። ክሩ የት ላይ እንደወፈረ፣ የት ላይ እንደሳሳ ጣቷ ይነግራታል። የጎረቤት ሴቶች ፈትላቸውን ይዘው እየመጡ እስቲ ዳብሽልን ይሏት ነበር።

ወንድ ብትሆን ኖሮ ቅኔ ቤት ትገባ ነበር። ዐይናቸው ሳያይ በጆሯቸው ብቻ ተምረው ጉባኤ የዘረጉ መምህራን በአገራችን ሞልተዋል። ለሴት ልጅ ግን ያ በር ዝግ ነው። ወላጅ እስካለ የምድጃ ጥግ፣ ወላጅ ሲሞት ደግሞ የደጀ ሰላም ምጽዋት ነበር የሚጠብቃት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። መንግሥት ዐይነ ስውራን ልጆችን አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስተምር ነው፤ ከየወረዳው ዕድሜያቸው ከዐሥራ አራት ዓመት በታች የሆነ ሁለት ሁለት ልጆች ተመዝግበው ይላኩ ይላል። በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ፊደል እንዳለም ያስረዳል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ቅዳሜ ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። እንዝርቷን አስቀመጠችና ፊደሉ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። አላውቅም፣ ነጥብ ነጥብ ነው አሉ አልኳት። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከአሮጌ ደብተሬ አንድ ገጽ ገንጥላ፣ በወስፌ ወግታ ወግታ በጣቷ ስትዳስሰው አገኘኋት። ያኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ሰው ግን ምዝገባውን ፈራው። ዘመሮ ገበያ ድረስ ሄጄ አስነገርኩ፤ ልጁን የሚያሳየኝ ጠፋ። አንዱ ግብር ሊጨምሩብን ነው ይላል፣ ሌላው የተቆጠረ ልጅ አይበረክትም ይላል። ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ የራሴንም እህት እልካለሁ እያልኩ እየማልኩ፣ በስንት መከራ ሁለት አባቶች እሺ አሉኝ። አንደኛው ቄስ ናቸው፣ ሁለተኛው ገበሬ። የሁለቱም ልጆች ወንዶች ነበሩ። ከእህቴ ጋር ሦስት ሆኑ፤ ቦታው ሁለት ነው።

ሦስቱን ስም ይዤ ስገባ የወረዳው ገዥ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ልጆቹን የምታውቃቸው አንተ ነህ፣ ሁለቱን አንተው መርጠህ ጻፍ አሉኝ።

ያን ቀን ወረቀቱ ፊት ተቀምጬ ያሰብኩትን አልረሳውም። ስለ ትምህርቱ አላሰብኩም፤ ስለ እህቴም አላሰብኩም። ያሰብኩት ጠላ ቤት ስለሚወራው ነበር። ጸሐፊው ሰውን ሲያደክም ከርሞ የመንግሥቱን ሲሳይ ለእህቱ አደረገው ሲሉ ማንም ሳይናገር እኔ ሰማሁት። ይሉኝታ ጆሮው ረጅም ነው። የሁለቱን ወንዶች ስም በዚያ በሚያምር ጽሑፌ ጻፍኩና ማኅተም አስመታሁበት። ለከርሞ ዕድሜዋን ቀነስ አድርጌ እጽፋታለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ለእሷ ቦታው ሞላ አልኳት። በማን እንደሞላ አልጠየቀችኝም። የእግዜር ፈቃድ ነዋ አለችና እንዝርቷን በእጇ ፈለገች።

የመሄጃው ቀን ሁለት በቅሎዎች ተጭነው ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ቆሙ። ልጆቹን ደብረ ብርሃን የሚያደርስ አንድ ፖሊስ ታዟል። የገበሬው ልጅ ከአባቱ ጋር በማለዳ ደረሰ። ቄሱ ግን ብቻቸውን መጡ፤ ልጁን ለቅኔ ቤት ሰጥቼዋለሁ፣ አምላክ በሰጠው ጆሮ ይማር ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እውነታቸውን ነው፤ የሳቸው ልጅ መማሪያ አላጣም።

የእኛ ቤት ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስከ ነገ ቆዩልኝ፣ እህቴን ላምጣት ማለት ይቻል ነበር። ያንንም አላልኩም። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልጻፍካትም ብለው እንዳይስቁብኝ ፈራሁ። አንደኛዋ በቅሎ ባዶ ኮርቻዋን ተሸክማ ስትወጣ ደጁ ላይ ቆሜ አየኋት።

ደብዳቤው እንደገና የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እህቴ ዐሥራ ስድስት ሞልቷት፣ ከእናታችን በቁመት በልጣ ነበር። ያንን በብዕር መቀነስ አይቻልም።

የገበሬው ልጅ ከዓመታት በኋላ ጎልማሳ ሆኖ ለፋሲካ መጣ፤ መምህር ሊሆን ነው ተባለ። ስለ እህቴ ሰምቶ ኖሮ እየተመራ ቤታችን ድረስ መጣ። እኔም ለበዓሉ እዚያው ነበርኩ። ያመጣውን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግቶ ጣቷን በነጥቦቹ ላይ አስኬደላት። እህቴ ሳቀች፤ ለስንት ዓመት እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ከዚያ በጨዋታ በጨዋታ የዚያን ጊዜውን መንገድ አነሣ። ሌላው ልጅ ሳይመጣ ቀርቶ አንዷ በቅሎ ባዶዋን እንደሄደች፣ ፖሊሱ በደከመው ቁጥር እንደተቀመጠባት ነገራት። ክፉ አስቦ አልነበረም።

እንግዳው ተሰናብቶን ወጣ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ወንድም ጋሼ፣ የኔ ስም ተጽፎ ነበር?"

"አልተጻፈም" አልኳት። "ለእህቱ አዳላ እንዳይሉኝ ብዬ ነው።"

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። አልረገመችኝም፤ አላለቀሰችም። ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ የፈለገችውን ነበር የጠየቀችኝ።

"እና ሰው ምን አለህ?"

በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በገበያውም በጠላ ቤቱም፣ ስለዚያ ዝርዝር አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው እንዳለ ለማስታወስ ሞከርኩ።

"ምንም አላለኝም" አልኳት።