ሊቀመንበሩና የመጨረሻዋ አምፖል

በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ በቀበሌያችን አዳራሽ ፊልም የማሳየው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የማሳያው አምፖል ተቃጠለና የቀረችንን አንዲት ሃሎጅን አምፖል አወጣሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ታዲያ «እኔው ካልገጠምኳት» አሉ።

«ኤሌክትሪኩን ነቅያለሁ፣ አሮጌውም በርዷል። አዲሷን ግን በባዶ እጅ አይንኳት፤ የጣት ቅባት ከነካት ስትግል ትፈነዳለች» አልኳቸው።

በመሀረብ ጠቅልለው በግራ እጃቸው ያዟትና ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ጥንቃቄ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ ሳያልቅ አንድ አጎብዳጅ ብድግ ብሎ መፈክር አሰማ። መፈክር ሲሰማ ግራ እጁን ጨብጦ ያላነሳ ደግሞ ፀረ አብዮተኛ ነው። እሳቸውም ጨብጠው አነሱ። ከጭብጣቸው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

መሀረቡን ፈትተው ስብርባሪውን አዩና ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ዞሩ።

«በባዶ እጅ እንዳልተነካች በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»